ሻደይና ጦርነት፦ የሚያሰለች ቀን ናፍቆት

የሰቆጣን ስም አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በረኃብና በጦርነት። የ1977ቱ ድርቅ ዋግን ከኮረምና ከላስታ ጋር የዓለም መነጋገሪያ አደረጋት። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ15 ዓመት ውስጥ አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ለሰነዱ የሰጠው ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነበር። ስሙ በየስብሰባው አዳራሽ ተደጋግሞ ቢጠራም፣ ከተማይቱን ለማየት የሄደው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በዘጠኝ ወር ውስጥ ዋግ ደረሰ፤ ሰቆጣም እንደገና ዜና ሆነች።

እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ሦስተኛ ነገር ነው። ይኸውም ሻደይ ነው። ሻደይን አንሥቼ ደግሞ አንድ ሰው በይፋ ለመጠየቅ የሚያፍረውን ጥያቄ መጠየቅ እሻለሁ፦ በጦርነት ውስጥ ያለ ሰው መደሰት፣ መዝናናት፣ እንደ ሰው መኖር ቢያምረው ኃጢአት ነውን?

ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሻደይ የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በዋግ ኽምራ የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይሉታል። ልጃገረዶቹ ጸጉራቸውን ይሠራሉ፤ ይኳላሉ፤ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ድሪና አልቦ ያደርጋሉ፤ ሻደይ የተባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው ዙሪያ አሥረው ከበሮ እየመቱ በቡድን በቡድን ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ፍየል ስትጠብቅ የኖረች ልጅ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ወዴት ሄድሽ፣ ለምን አመሸሽ አትባልም። ታያለች፤ ትታያለች። ጎረምሳው ዓይኑን የሚጥልባት፣ እርሷም አይታ እንዳላየች የምታልፈው በእነዚያ ቀናት ነው። የአገው ገጠር ልጃገረድ ዓመቱን የምትቆጥረው ከሻደይ እስከ ሻደይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ደግሞ የቀን አቆጣጠሩን ልብ ይበሉልኝ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሰቆጣም፣ ላሊበላም፣ ቆቦም በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማለትም ሻደይ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ለወራት ጋብ ብሎ የነበረው ጦርነት እንደገና ፈነዳ፤ ሳምንት ሳይሞላውም ዋግ ደረሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ እፎይ ተባለ። ነገር ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተዘጋ። በዚያ ላይ በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ ድርቅ ከብቱን ፈጀው። በሦስት ተከታታይ ዓመታት የሻደይ ወር የጦርነት ወር ሆነ ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመት ለሆናት ልጅ እነዚህ ሦስት ክረምቶች በሌላ ክረምት የሚተኩ አይደሉም።

እንዲህ ያለች አንዲት ልጅ አውቃለሁ። የዘመድ ልጅ ናት። ያን ዓመት እናቷ «ዘንድሮ ከትልልቆቹ ጋር ትወጫለሽ» ብላት ነበር። ድሪውም ከአክስቷ ተውሶ ተቀምጧል። ሐምሌ ሲገባደድ ቤተሰቡ ሌሊት ከሰቆጣ ወጥቶ በእግር ጉዞ ሲጀምር፣ እርሷ ድሪውን በጨርቅ ጠቅልላ በጡቷ ሥር ይዛው ነበር። መንገድ ላይ እናቷ አየችባትና «ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ አንቺ ጌጥ ይዘሽ ትሮጫለሽ?» ብላ ተቆጣቻት። ስልክ ከተከፈተ በኋላ ይህን ስታጫውተኝ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ጦርነቱ ምን ወሰደብሽ ብለው የእርዳታ ሰዎች ሲጠይቁን ሁሉም ተናገረ። ጎረቤታችን ልጇን ነው ያጣችው። እኔ በእርሷ ፊት ሻደይ አመለጠኝ ልበል? አፈርኩና ምንም አልወሰደብኝም አልኳቸው።»

ይህን ንግግር ከሰማሁ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። የሞተ ሰው ይቆጠራል፤ የተቃጠለ ቤት ይቆጠራል፤ የተዘረፈ የጤና ጣቢያ ዕቃ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። ያልተጨፈረ ጭፈራ፣ ያልተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ፣ ያልተደገሰ ሰርግ ግን የጉዳት መጠየቂያ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ባለቤቱ ራሱ ለመናገር ያፍራል። ነገር ግን ሰላም ማለት ምን እንደሆነ ብንጠየቅ፣ ከእነዚህ ነገሮች ውጪ ምን ብለን እንመልሳለን?

አዲስ አበባ ላይ በየጊዜው የሚነሣ ክስ አለ። «ወገን እያለቀ እናንተ ትጨፍራላችሁ!» ይባላል። ክሱ ከደግ ልብ ሊመነጭ እንደሚችል አልክድም። ጎረቤት ሲያዝን ሬዲዮ የሚዘጋ፣ ለቅሶ ቤት ባለበት ሰፈር ሰርጉን የሚያዘገይ ሕዝብ ነን፤ ይህም ከመልካም ባሕርያችን አንዱ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞንም ለልቅሶ የራሱን ጊዜ፣ ለዘፈን የራሱን ጊዜ መድቦላቸዋል። ችግሩ ጦርነት ጊዜያቱን ለይቶ የማይሰጥ መሆኑ ነው። የጎረቤት ሐዘን አርባ ቀን አለው፤ ተዝካር አለው፤ ከል የሚወልቅበት ቀን አለው። ዓመታት ለሚፈጅ ጦርነት ግን ከል ማውለቂያው መቼ ነው? «ሲያልቅ እንስቃለን» ያለ ሰው ሳይስቅ ያረጃል።

ደግሞም ክሱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከጦርነቱ ርቆ ካለ ሰው ነው። በጦርነቱ ውስጥ ያለው ሰው ምን ያደርጋል ብለን ብንመረምር የምናገኘው ሌላ ነው። የራሳችንን ታሪክ እንይ። በደርግ ዘመን የአየር ኃይል አውሮፕላኖች የገበያ ቀን እየጠበቁ ይደበድቡ ስለነበር፣ በትግራይና በሰሜን ወሎ አማፅያን በያዙት አካባቢ ገበያው ወደ ሌሊት ዞረ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ ላይ የወረደው እሳት ከ2,000 በላይ ሰው እንደፈጀ ይነገራል። ከዚያ በኋላም ገበያ አልቀረም። ገበሬው ቀን ዋሻ ውስጥ አሳልፎ ሲመሽ ጨውና እህሉን አህያ ላይ ጭኖ በጨለማ ይወርዳል። ጨው ለመግዛት ብቻ ቢሆን አንድ ሰው መላክ በቂ ነበር። ገበያ ግን ሰው የሚገናኝበት፣ ወሬ የሚሰማበት፣ ሚስት የሚታጭበት ቦታ ነው። ሰዉ በጨለማ የሚሄደው ሰው ለማየት ጭምር ነው።

በከተማውም እንዲሁ ነበር። የዚያ ዘመን አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ የታሰረች ከተማ ነበረች። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ዕጣው አይታወቅም። ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ? እንደ ዋልያስ ያሉ ባንዶች በየሆቴሉና በየክበቡ ሲጫወቱ በሩ ይዘጋል፤ ገብቶ የተገኘው ሁሉ እስኪነጋ ድረስ አብሮ ያድራል። እንዳይጨፈር የወጣ የሚመስለው ሕግ ጭፈራውን የሙሉ ሌሊት አደረገው። ያን ጊዜ የጨፈሩት ሰዎች ጨካኞች ነበሩን? አብዛኞቹ ወንድም ወይም ጓደኛ የሞተባቸው፣ በማግሥቱም ምን እንደሚገጥማቸው የማያውቁ ነበሩ።

ከሀገራችን ውጪም ምሳሌው ብዙ ነው። የሳራዬቮ ከበባ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ድረስ 1,425 ቀናት ቆየ። በ1993 የከተማዋ ወጣቶች በአንድ ምድር ቤት ውስጥ የቁንጅና ውድድር አካሄዱ። ተወዳዳሪዎቹ «እንዲገድሉን አትፍቀዱላቸው» የሚል ጨርቅ ይዘው ቆሙ። በ1995 ደግሞ ከበባው ሳይነሣ የፊልም ፌስቲቫል ጀመሩ፤ ይህ ፌስቲቫል እስከ ዛሬ አለ። ውኃ ለመቅዳት በአነጣጣሪ ተኳሽ ፊት የሚሮጥ ሰው ፊልም ለማየትም ሮጠ። አእምሮውን ስቶ ሳይሆን አእምሮውን ላለመሳት ነው።

እስካሁን ያልኩት ደስታ በጦርነት ውስጥ ስላለው መብት ነው። ነገሩ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ እርሱን ሳላነሣ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ይኸውም ጦርነት ራሱ መዝናኛ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ ነው።

አንድ የሰቆጣ መምህር ወዳጅ አለኝ። ከጦርነቱ በፊት በተገናኘን ቁጥር የሚያሰማኝ አቤቱታ አንድ ነበር፦ «እዚህ ከተማ ምን አለ? ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ሻይ ቤት፣ ማታ ቤት። ሰኞን ከሐሙስ የሚለየው ነገር የለም።» ተማሪዎቹም እንደዚያ ይሰማቸው ነበር። ሥራ የለም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነው፤ ትልቅ ከተማ ሩቅ ነው። እንዲህ ላለ ወጣት ከበሮ እየተመታ፣ ቀረርቶ እየተሰማ፣ ባንዲራ እየተውለበለበ የሚመጣ ጥሪ ከፖለቲካው ሁሉ በፊት ከመሰልቸት መውጫ ሆኖ ይታየዋል። ትናንት ማንም ስሙን ያልጠራው ልጅ ዛሬ ጀግና ይባላል። በየትኛውም ወገን ቢሰለፍ ይህ እውነት ነው። ፖለቲከኞቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሥራ ያልሰጡትን ወጣት ዓላማ ሰጠንህ ይሉታል፤ በሰላም ጊዜ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያልሠሩለት ሁሉ የጦር ሜዳ ለመስጠት አይሰስቱም። የወጣቱን የደስታ ጥማት በጊዜው ያላረካ ሀገር፣ ጥማቱን የሚያረካለት ሌላ ሰው እንደማይጠፋ ማወቅ ነበረበት።

ከጦር ሜዳው ሩቅ የሆነው ከተሜስ? በእነዚያ ዓመታት ስንቶቻችን ነን ሌሊት ስንነቃ መጀመሪያ ስልካችንን የምናነሣው? «ሰበር ዜና» የሚለው ቀይ ጽሑፍ፣ ማን የትኛውን ከተማ ያዘ የሚለው ወሬ፣ በካርታ ላይ የሚሳሉት ቀስቶች ልባችንን አላስደነገጡትም ብቻ ሳይሆን ያሞቁትም ነበር። ሰቆጣ ተያዘች፣ ሰቆጣ ተለቀቀች የሚለው እንደ ኳስ ውጤት ሲነገር ሰምቻለሁ። በማኅበራዊ መገናኛው እየተሰዳደበ የሚያመሸው ሰው ጦርነቱን ባይወድም ያለ ጦርነቱ ቀኑ ይቀዘቅዝበት ነበር። ታዲያ ሻደይ የሚጨፍሩትን ልጃገረዶች «በዚህ ጊዜ ጭፈራ!» ብሎ የሚወቅስ ሰው፣ በእነርሱ ሞት ላይ የራሱን ዕለታዊ ትኩሳት ሲያሞቅ መዋሉን ልብ ቢለው መልካም ነበር። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰለሞን ባረጋ በቶኪዮ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ የተደሰትነው ደስታ ከዚህ የተለየ ነው። በስድስተኛው ቀን ላሊበላ ተያዘች። በዚያ ደስታ የሞተ ሰው ስለሌለ ዛሬም አላፍርበትም።

መምህሩ ወዳጄ ከጦርነቱ በኋላ የነገረኝን ልጨምር። ሰቆጣ በተያዘችባቸው ወራት መብራት የለም፤ ስልክ የለም፤ ባንክ ዝግ ነው፤ ደመወዝ የለም። «በዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ምን ይናፍቀኝ እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ። «የተማሪዎች ጫጫታ። የርእሰ መምህሩ የማያልቅ ስብሰባ። ስኳር ጠፋ ብሎ ሻይ ቤት መጨቃጨቅ። ያ ስረግመው የኖርኩት ሰኞና ሐሙስ የማይለይበት ቀን ቢመጣልኝ እግሩን እስመው ነበር።» ከጦርነት ርቆ ያለው ሰው ድንቅ ነገር ይናፍቃል፤ በጦርነት ውስጥ ያለው ሰው የሚያሰለች ቀን ይናፍቃል። ልጅቷ ሻደይን መናፈቋና መምህሩ ስብሰባን መናፈቁ የተለያዩ ናፍቆቶች ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው። ለሻደይ ድምቀት የሚሰጠው ከፊቱም ከኋላውም ያለው ተራ ዓመት ነው። ተራው ዓመት ከሌለ በዓሉም በዓል አይሆንም። በአንጻሩም በዓል የሌለው ተራ ዓመት ወጣቱን ወደ ቀረርቶው ይገፋዋል።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልመለስ። ይህ ናፍቆት ባለቤት እንደሌለው ንብረት ከሁለት ወገን የሚዘረፍ ነው። ባለሥልጣን በዓሉን ይፈልገዋል። ካሜራ ይመጣል፤ ልጃገረዶቹ በመድረክ ፊት ይሰለፋሉ፤ ንግግር ይደረጋል፤ ማታ ዜናው «አካባቢው ወደ ቀድሞ ሰላሙ ተመልሷል» ይላል። ከሰቆጣ ብዙም በማይርቀው በወለህ መጠለያ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በድንኳን ውስጥ ሲኖሩ በዓሉ የሰላም ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። በሌላው ወገን ያለው ደግሞ በዓሉ እንዲቀር ይፈልጋል፤ መንገድ ይዘጋል፤ የተጨፈረ እንደሆነ ለመንግሥት መሣሪያ ሆናችሁ ይላል። ለአንዱ ጭፈራው ማስረጃ ነው፤ ለሌላው ዝምታው ማስረጃ ነው። ልጅቷ ግን ለማንም ምስክርነት ልትሰጥ አልወጣችም። የወጣችው አሥራ ስምንት ዓመት ስለሆናት ነው።

ትምህርት ቤቱም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ እንደነበሩ ተነግሯል። ትምህርት ቤት ከተከፈተ መንግሥት አሸነፈ፣ ከተዘጋ ታጣቂ አሸነፈ የሚል ስሌት ውስጥ ገብተን፣ ልጁ ደብተሩን ይዞ መሄዱ ብቻውን ዋጋ እንዳለው ዘነጋነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የተራ ሰው ተራ ሕይወት፣ ገበያው፣ ትምህርቱ፣ ሰርጉና ሻደዩ ከማንም ድልና ሽንፈት ጋር መታሰር የለበትም። ሰው ሲደሰት ስላየን ሰላም ሆኗል ብለን አንደምድም፤ ሰላም ስላልሆነም ሰው አይደሰት አንበል።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ስለ ሻደይ አመጣጥ ሊቃውንቱና ሽማግሌዎቹ ብዙ ይላሉ። አንዳንዶች የኖኅ ርግብ ካመጣችው ለምለም ቅጠል፣ ሌሎች ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዙታል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከዮፍታሔ ልጅ ጋር የሚያያይዘው ትረካ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደተጻፈው ዮፍታሔ ጦርነቱን ድል ካደረግሁ ስመለስ ከቤቴ በመጀመሪያ የሚቀበለኝን እሠዋለሁ ብሎ ተሳለ። ድል አድርጎ ሲመለስ ከበሮ ይዛ እየዘፈነች የተቀበለችው አንዲት ልጁ ነበረች። ልጅቱ ስለቱን አልተቃወመችም። የለመነችው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ከባልንጀሮቿ ጋር ወደ ተራራ ወጥታ ስለ ልጅነቷ ለማልቀስ። የእስራኤል ልጃገረዶችም በየዓመቱ አራት ቀን ያስቧት ነበር ይላል።

በዚህ ትረካ ውስጥ የአባቶች ጦርነት አለ፤ የአባቶች ስለት አለ፤ ከበሮ ይዛ የወጣች ልጅ አለች። ከተከዜ ወዲህም ወዲያም ያሉ ልጃገረዶች አንድ ዓይነት ቅጠል በወገባቸው ያሥራሉ። ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በመቀሌ የሕፃናት መዋያ በአየር ጥቃት ሲመታ እዚያም የአሸንዳ ሰሞን ነበር። እኛ ትልልቆቹ፣ መሪዎችም፣ ታጣቂዎችም፣ በስልካችን የምንዋጋውም፣ እነዚህን ልጆች ሳንጠይቅ በስማቸው ብዙ ተስለናል። የተሳልነውንም እነርሱ ከፈሉት። ልጆቹ የጠየቁት ትልቅ ነገር አይደለም። ከበሮ መምታት የሚቻልበት ጥቂት ቀን፣ ከዚያም በኋላ ምንም የማይሆንበት ረጅም ዓመት ነው።

ያን የሚያሰለች ዓመት ያምጣልን። ቸር ያሰማን።